ባልዲ ላይ የተጠራ ስም

እኔ ወንድወሰን ነኝ፤ አምቦ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ወሬ በማሳመር ግን ማንም አይቀድመኝም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ባለችው አጭር መንገድ ተሳፋሪዬን ጉደር ወንዝ ውስጥ ጎመን ብቻ የሚበላ ጿሚ አዞ እንዳለ አሳምኜ አወርደዋለሁ። የዛሬው ታሪክ ግን እውነት ነው። አንድ ትልቅ ውሸት አለበት፤ እሱም የኔው ነው። ጎረቤት ያላችሁ፣ ቤታችሁ በረኪና ያስቀመጣችሁ፣ እንደኔም ምላሳችሁን የሚበላችሁ ሁሉ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ባለቤቴ ዓለሚቱ ለአንድ ፔንሲዮን አንሶላ ታጥባለች። አራት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት አልጋ ሁሉ የለበሰው እሷ ያጠበችውን ነው። የፔንሲዮኑ ባለቤት አቶ ተድላ፣ «ከዓለሚቱ እጅ ሌላ እጅ አላውቅም» ይሉ ነበር። ይህቺን ቃል ሚስቴ እንደ ወርቅ ጌጥ በአንገቷ አድርጋት ነው የምትሄደው።

ኮሮና ባለፈ በዓመቱ ሶረቲ የምትባል ሴት ከባኮ መጥታ ግቢያችን ተከራየች። የሱቅ ሳሙና እጇን ስለሚያሳክካት ሳሙናዋን ራሷ ነው የምታዘጋጀው። የእንዶድ ፍሬ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ዘፍዝፋ ታጠላለች። ለማለቅለቂያው ሎሚ፣ ለሽታው ጠጅ ሳር ትጨምርበታለች። አንድ ቀን አቶ ተድላ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ሳለ ሽቦ ላይ የተሰጣ የሶረቲ ነጠላ አዩ። ጠጋ ብለው ዳሰሱት፤ ከዚያ አሸተቱት። በሳምንቱ የአንሶላው ግማሽ ለሶረቲ ተሰጠ።

የግቢያችን የልብስ ማስጫ ሽቦ አንድ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽቦውን መሐል ላይ ከደገፈው እንጨት ወዲህ የዓለሚቱ፣ ከእንጨቱ ወዲያ የሶረቲ ሆነ። ፀሐይ ደግሞ ይሉኝታ አታውቅም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ታሳያለች። የወዲያኛው እንደ ወተት ይነጣል፤ የወዲህኛው የነጣ ቢሆንም ከዚያኛው አጠገብ ሲታይ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

«እይ እስቲ!» አለችኝ ዓለሚቱ በመስኮት እያጮለቀች። «ይሄ የጤና ንጣት ነው?»

«እንዶድ ነው ብላሻለች እኮ።»

«እንዶድ! እናቴም በእንዶድ ነው ያሳደገችኝ። ይህቺ ሴት አስደግማ ነው። ለገበያ መስተፋቅር የሚሠራላት አላት።»

ሶረቲ ግን ምንም አልደበቀችም። አንድ ቀን ሙቀጫዋን ወደ በራችን ይዛ መጥታ፣ «ኦቦሌቲ ኮ፣ ማሎ፣ እባክሽ ነይ አብረን እንውቀጥ። እህቴ አይደለሽ? ሥራው ለሁለታችንም ይበቃል» አለቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እጄን አሞኛል» አለች ዓለሚቱ። እጇ ደህና ነበር። የታመመው ሌላ ቦታ ነው።

ቅናት እንግዳ አይደለም፤ አንዴ ከገባ አልጋውን ይዞ ባለቤቱን መሬት ያስተኛል። ሚስቴ ምግብ ቀነሰች። የሶረቲን አንሶላ ሽቦው ላይ ትቆጥራለች፤ ሰው አላየኝም ስትል ጠርዙን ታሸታለች። ሶረቲ ከሳቀች፣ «በኔ ነው።» ዝም ካለች፣ «ተንኮል እያሰበች ነው።» ሶረቲ እንዶድ ስትወቅጥ ሲያስነጥሳት እንኳ፣ «ሰማሃት? ደስ ብሏት ነው!» ትለኛለች።

እኔስ ምን አደረግሁ? ቤት ሲነድ አይቶ እንጨት የሚያቀብል ሰው ካላችሁ እሱ እኔ ነኝ። ማታ ስገባ፣ «በሶረቲ አንሶላ የተኛ የነቀምት ነጋዴ ሦስት ቀን አልነቃም አሉ፤ በአራተኛው ቀን ሲነሳ ሽበቱ ጠቁሯል» እላታለሁ። ስትናደድ ደስ ትለኝ ነበር። ያሳፍራል፤ ግን ነበር።

አንድ እሁድ በምሳ ሰዓት ዋናውን ውሸት አመጣሁት። በዚያው ጠዋት ሶረቲን በበሯ ቀዳዳ አይቻታለሁ፤ አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ባልዲ ላይ ጎንበስ ብላ ታጠላለች። የእንዶድ ዱቄት አፍንጫ ከገባ ሲያስነጥስ ስለሚውል ነው የምትሸፈነው። ይህን እያወቅሁ፣ «ምስጢሯን አገኘሁት» አልኩ።

ዓለሚቱ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «ምን አየህ?»

«በሩን ዘግታ፣ ጋቢ ተከናንባ ባልዲው ላይ ትደፋለች። ከዚያ የባላንጣዋን ስም ሰባት ጊዜ ወደ ባልዲው ትጠራለች። በጠራች ቁጥር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። የዚያችኛዋ ንጣት ወደ እሷ ይሳባል።»

«የማንን ስም ነው የምትጠራው?»

«ያንቺን ነዋ!»

አሁን ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ማታ ቀልድ መሆኑን እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ማታ ረሳሁት።

በማግስቱ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ግቢው ጭር ሲል ዓለሚቱ ወደ ማድ ቤት ገባች። በኋላ እንደነገረችኝ ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ሶረቲ በእንዶድ ከጠራችኝ እኔ በጠነከረ ነገር ልጥራት። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አንድ ጀሪካን በረኪና ነበረን። ግማሽ ባልዲ ቀዳች። እንዶድ አንድ እፍኝ በተነችበት። ከዚያ፣ አቼቶም ያነጣል ሲባል ሰምታለችና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ደፋችበት፤ የሦስት ሎሚ ውኃም ጨመቀችበት። በሩን ዘግታ ከሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቀች። የኔን ጋቢ ተከናንባ ባልዲው ላይ ተደፋች።

«ሶረቲ!» አለችና ትንፋሿን ሳበች።

በሁለተኛው ዓይኗ ተቃጠለ። ድግምቱ ያዘ አለች። በሦስተኛው ጉሮሮዋን እንደ በርበሬ ለበለባት። በደንብ ያዘ አለች። ከዚያ በኋላ ሳል እንጂ ስም አይወጣም ነበር፤ እሷ ግን በሳሉ መካከል መጥራቷን አልተወችም።

ሶረቲ በዚያች ሰዓት እርጥብ አንሶላ ተሸክማ ወደ ሽቦው ትመጣለች። ከማድ ቤቱ ሳል ሰማች። ከሳሉ ውስጥ ደግሞ የገዛ ስሟን ሰማች። ሰው ሲታነቅ ስማችሁን ቢጠራ ምን ትላላችሁ? ድረሽልኝ ያለቻት መስሏት አንሶላውን ጭቃ ላይ ጥላ ሮጠች። በሩ እምቢ ሲላት በትከሻዋ ገጨችው። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ ገባችና ሚስቴን በብብቷ ይዛ እየጎተተች ወደ አየር አወጣቻት።

ስልክ ደውላልኝ ስደርስ ዓለሚቱ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ እንደ ተበሳ ጎማ ያፏጫል። ሶረቲ ባጃጅ ውስጥ ደረቷ ላይ አስደግፋት፣ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ? አይዞሽ ኦቦሌቲ ኮ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» እያለች ፊቷን በውኃ ታብሳለች። ያን ቀን መንገዱ ላይ ለማንም አዞ አላወራሁም።

ሆስፒታል ሲስተር ዶርቃስ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ኦክስጅኑን እየገጠመች፣ «ምንድን ነው የሳበችው?» አለች።

«እ... የእንጨት ጭስ ይመስለኛል» አልኩ። አያችሁ? ሚስቴ እየታፈነች እንኳ ምላሴ ወደ ለመደበት ሄደ።

«ወንድሜ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። እውነቱን ካላወቅሁ ልረዳት አልችልም።»

ሶረቲ ቀደመችኝ። «በረኪናና አቼቶ ነው ሲስተር፤ ባልዲውንና ጠርሙሱን አይቻለሁ። ያልገባኝ ጋቢ ተከናንባ ለምን እንደተደፋችበት ነው።»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የበሩን ቀዳዳ፣ ሻሹን፣ ሰባቱን ጥሪ። ስናገር አንገቴ እስከ ጉልበቴ ወረደ። ሶረቲ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ሲስተር ዶርቃስ ግን አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል» አለች። «ክፍት ቦታም ቢሆን ክፉ ነው። አንተ ደግሞ በር አዘግተህ፣ ጋቢ አከናንበህ፣ ወደ ውስጥ ተንፍሺ ብለሃታል። ይቺ ጎረቤቷ ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ወሬህን የምትነግረው ለለቀስተኛ ነበር።»

ዓለሚቱ ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ድምጿ ተመለሰ። ሶረቲ አጥሚት ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ስንት ጊዜ ጠራሽኝ?» አለች ሶረቲ።

«አምስት» አለች ሚስቴ ለግድግዳው። «ስድስተኛው ላይ ትንፋሼ ከዳኝ።»

«ዋቀዮ! ሁለት ብቻ ነው የቀረሽ? ሁለት ብትጨምሪ ኖሮ ንጣቴ ሁሉ ተስቦ ባልዲሽ ውስጥ ገብቶ ነበራ!» ብላ ሳቀች። ዓለሚቱም ልትስቅ ስትል ሳል ያዛት፤ ሳሉ ሲለቃት ለቅሶ ሆነ። «ለክፋት ነው የጠራሁሽ» አለች።

«እኔ ምን አውቄ! ስጠራ መጣሁ። ጠጪ አሁን፤ ይቀዘቅዛል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ዓለሚቱ ግቢው በር ላይ ቆማ ቀረች። ከእንጨቱ ወዲህ ያለው የሷ ሽቦ ባዶ አልነበረም። አንሶላዎቿ ሁሉ ታጥበው፣ እንደ ወተት ነጥተው ተሰጥተዋል። ሶረቲ የራሷንም የሷንም ድርሻ አጥባ ለአቶ ተድላ፣ «ይሄኛው የዓለሚቱ ነው» ብላ ስታስረክብ ሰንብታለች። ሚስቴ ጠርዙን ተደብቃ ታሸተው የነበረውን ዓይነት አንሶላ አሁን በሰው ፊት ይዛ ፊቷን ቀበረችበት።

በማግስቱ ዓለሚቱ የራሷን ሙቀጫ ይዛ ሶረቲ በር ላይ ቆመች። «ምስጢሩን አሳዪኝ።»

ምስጢሩ ይኸውላችሁ፦ እንዶዱን አድርቆ መውቀጥ፣ አፍንጫን መሸፈን፣ አሳድሮ በነጠላ ማጥለል፤ ካጠቡ በኋላ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻም ሎሚ ጠብ ባለበት ማለቅለቅ። በረኪና እዚያ ቤት አይገባም። ዓለሚቱ አራት ዓመት ሙሉ የምታለቀልቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በሁለት ቤት መካከል የነደደው እሳት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ድግምት፣ ለካ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውኃ ነበር ያነሰው።

ወገኖቼ፣ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ። ቢሸታችሁ በር ክፈቱና ውጡ፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የቀላቀላችሁትን ሳትደብቁ ተናገሩ። የጎረቤት ሥራ ካማራችሁ ጠንቋይ ከመፈለግ በሯን አንኳኩ፤ ግፋ ቢል እምቢ ትላችኋለች። እንደኔ በሰው ቅናት የምትዝናኑ ካላችሁ ደግሞ የኔን ጋቢ መጥታችሁ እዩት። ሽታው እስካሁን አልለቀቀም፤ እኔም በሌላ አልቀየርኩትም።

አሁን ሁለቱ ሴቶች ሳሙናውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጡ ሴቶች ያሳያሉ። በየጊዜው ሥራው ሳይጀመር እኔ ብድግ ብዬ፣ «የድግምቱን ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው» እላለሁ። የዓለሚቱ ትእዛዝ ነው። ባለፈው አንዲት ከእጃጂ የመጣች ሴት ግን ንግግሬን አዳምጣ ስታበቃ ወደ ሚስቴ ጠጋ ብላ፣ «እሱስ ይበል። ለመሆኑ ያ ስም ጥሪ ሠርቶ ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

ዓለሚቱ አፍንጫዋን ሸፍና እንዶድ እየወቀጠች ከነበረችው ከሶረቲ ጋር ተያየች።

«ሠርቷል» አለቻት። «ጠራኋት፤ መጣች።»