ከመስመሩ ወዲያ የታሰረ ጀልባ

ሃልቫርድ የሰደበኝ ሲግሩን በተቀበረችበት ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ የደሴቱ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ጀልባህ ውስጥ ተኝተህ ገደልካት» አለኝ። እሱ የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ አለቃ ነው፤ እኔ ኦድቫር የአምቡላንስ ጀልባ ነጂ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ማቋረጤንም በየስብሰባው ሲያነሳብኝ ኖሯል። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ለቀብርተኛው የቀረበውን ሽሪምፕ የተነሰነሰበት ዳቦ ቆሜ በላሁ።

አሮጊቷ ሲግሩን ልቧን ሲያማት ደውላ ነበር። የእኔ ጀልባ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከጠባቡ ባሕር ማዶ ታስሮ ነበር። ጥሪው ግን አልደረሰኝም። ከሩቅ ደሴት የተላከው ጀልባ ሬሳዋን አገኘ። ሃልቫርድ «ኦድቫር ተጠርቶ አልሰማም» ብሎ ለፖሊስ ቃል ሰጠ። የነጂነት ፈቃዴ ሊነጠቅ ነው።

መርማሪዋ ቶርዲስ ከከተማ መጣች፤ የሹራቧ ክርን የተቀደደ፣ አጭር ሴት።

«ተኝተህ ነበር?»

«ዓሣ እየጠበስኩ ነበር።»

«ጥሪ ሲመጣ ምን ትሰማለህ?»

«መሣሪያው እንደሚታረድ አሳማ ይጮኻል። ሙት ይቀሰቅሳል።»

«ሲግሩንን አልቀሰቀሰም» አለች። አልሳቀችም።

ቀጥላ ኢልቫን ጠየቀች። ኢልቫ የማዕከሉን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈች ልጅ ናት። የፋሲካ እረፍቷን ካሳለፈችበት ተራራ ገና ተመልሳ አፍንጫዋን የበረዶ ፀሐይ ልጦታል።

«ኮምፒዩተሩ ቅርቡን ጀልባ በምን ያውቃል?»

«ባሕሩን በካሬ ቆራርጠነዋል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ እያንዳንዱ ቤትና ጀልባ የካሬ ቁጥር አለው፤ ማውጫውም በዚያ ቁጥር ነው የተደረደረው። የአገሩን ጀልባ ሁሉ ርቀት ከመለካት የደዋዩን ካሬ ብቻ ይገልጣል።»

«ቤቱ ካሬው ጠርዝ ላይ ቢሆንስ?»

«ለዚህ ነው ዙሪያውን ያሉትን ስምንቱን ካሬዎችም እንዲያይ ያደረግኩት። በዚህ አሮጌ ማሽን ይንቀራፈፋል እንጂ።»

ሃልቫርድ ግን ተጠይቆ ሲመልስ ደረቱን ነፋ። «ይንቀራፈፋል? በፋሲካ ሳምንት የአውራጃው እንግዶች ሲመጡ ጀልባ ፈልግ ስለው ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ መለሰልኝ! አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።»

ቶርዲስ ሁላችንንም እዚያው ቦታው ላይ በታሰረው ጀልባዬ ውስጥ ሰበሰበችን። ኢልቫ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች፤ ሲግሩን በሞተች ማግስት ፖሊስ የቀዳው የማሽኑ ቅጂ ተጭኖበታል፤ ጀልባዎቹ አሁን ያሉበትን ቦታ ግን በቀጥታ ይቀበላል።

«ሲግሩን የደወለች አስመስለሽ ፈልጊ።»

ስክሪኑ ላይ የሩቁ ደሴት ጀልባ መጣ።

«ኦድቫር፣ ገመዱን ፍታና ትንሽ ወደ ሲግሩን ቤት ውሰደን።»

ወሰድኳቸው።

«አሁንስ?»

የኢልቫ ፊት ነጣ። «ይሄ የኛ ጀልባ! አንደኛ ሆኖ መጣ።»

«የካሬው መስመር በዚህ ባሕር መሃል ያልፋል» አለች ቶርዲስ። «ኦድቫር ወዲያ ሲታሰር ለማሽኑ የለም፤ ሲሻገር አለ። ስለዚህ ማሽኑ ዙሪያውን ማየት አቁሟል። ጥሪውም ጭራሽ አልተላከለትም። ማን አስቆመው? ኢልቫ እያለች የሚንቀራፈፈው ማሽን ለእንግዶቹ ወዲያው መለሰ። ያኔ እሷ ተራራ ላይ ነበረች። ፕሮግራሙን ሌላ ማን ከፍቶ ሊለውጠው ይችላል?»

«ሃልቫርድ ብቻ» አለች ኢልቫ። «አለቃ ከመሆኑ በፊት የኔ ሥራ የሱ ነበር።»

«ለእንግዶቹ ስል ነው» አለ ሃልቫርድ። «ልመልሰው ነበር። ረሳሁት።»

«ረሳህ እንበል። ሲግሩን ስትሞት ግን ትዝ ብሎሃል። ጥፋቱን እንዲሸከም ኦድቫርን የመረጥከው ያኔ ነው።»

ጀልባውን ወደ ወደቡ መለስኩ። ሃልቫርድ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህ? ደስ አለህ?»

ገመዱን አሰርኩ። ጃኬቴን አነሳሁና ወደ ላይኛው መንገድ ወጣሁ።