«ሂ» ላይ አቁሙ

«ሊ» አለች ልጅቷ ለመስታወቱ። ቀጥላ «ሚ»፤ ከዚያ «ቂ»። መስታወቱ ደንበኞች መነጽር ሲለኩ ፊታቸውን የሚያዩበት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትንሽ መስታወት ነው። አፏ በሦስቱም ፊደል ግራና ቀኝ ተለጠጠ። «ሉ» ስትል ግን ከንፈሯ ሞጥሞጥ አለ፤ «ሎ» ስትልማ ጭራሽ የጠርሙስ አፍ መሰለ። ደብተሯን አወጣችና «ሣልስ ያሸንፋል» ብላ ጻፈች።

«ደግሞ ምን ጀመረሽ?» አለቻት እናቷ ከባንኮኒው ጀርባ። ጥፍር የማታህል ብሎን በቀጭን መፍቻ እያጠበቀች ነበር። በምትሠራበት መነጽር ቤት ውስጥ ከሷ በቀር ያንን ብሎን ሳይጥል የሚያስር ሰው የለም።

«ምርምር ነው።»

«ምርምሩ ምላስ ማውጣትም አለበት?»

«እሱ ስሳሳት ነው።»

ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም «ጥያቄ» ነው የሚላት። የእረፍት ደወል ተደውሎ፣ ክፍሉ በሙሉ ቦርሳውን አንግቦ ቆሞ እያለ «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ» የምትል ልጅ ሌላ ምን ስም ሊወጣላት ይችላል? ስሙን አትጠላውም። የምትጠላው ባለፈው ዓመት ፎቶ ምክንያት የመጣባትን ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍል ፎቶ ሲነሱ ፈገግታዋን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። አዘጋጅታ አዘጋጅታ፣ ፎቶው ሲወጣ ግን ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እግሯን ተረግጣ «ምንም አልሆንኩም» የምትል ሰው መስላ ወጣች። በማግስቱ ከክፍሏ ልጆች አንዱ ፊቷን ብቻ ቆርጦ ስቲከር ሠራበትና በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው። ከሥሩ «ተመችቶኛል» የሚል ጽሑፍ አለው። ፈተና ሲከብድ የሷ ፊት፣ የቤት ሥራ ሲበዛ የሷ ፊት፣ ዝናብ ሲጥል ሳይቀር የሷ ፊት። ልጁን ከዚያ ወዲህ «ስቲከር» ይሉት ጀመር፤ እሱም ኮራበት። እሷ የመጀመሪያው ቀን «ሃሃሃ» ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ግሩፑን ለቃ ወጣች። በጣም ከፍቷት ነበር፤ ግን «ቀልድ ነው እኮ» ሲሏት ምን ትበል?

የዘንድሮው ደግሞ የባሰ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንዴ ከተሰቀለ የሚያወርደው የለም። ፎቶው ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ሰኞ።

ከግድግዳው ፎቶዎች መካከል ሰው ሁሉ የሚቆምበት አንድ አለ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የተነሣ ነው። ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች አሉበት፤ የሠላሳ ሰባቱ አፍ ክብ ነው። «እባብ አይተው ነው» የሚል አለ። «ዳይሬክተሩ ከወንበር ወድቀው ነው» የሚልም አለ። ከሁሉ መካከል አንዲት ልጅ ብቻ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥርሷን ሳትሰስት ትስቃለች። ያቺ ልጅ እናቷ ናት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ግን ምን አይታችሁ ነው?»

«አላስታውስም ብዬሻለሁ፤ ስንቴ ልንገርሽ? ልጅ ሆነን በምን የማንስቅ ነበር?»

«ሌሎቹ ግን አልሳቁማ።»

ብሎኗ ከመፍቻው ላይ አመለጠችና ወለሉ ላይ ጠፋች። እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ያነሱንን ሰውዬ ሄደሽ ጠይቂያቸው። አሁንም ከፖስታ ቤቱ ጎን አሉ። እኔን ግን በሞቴ ሥራዬን አሠሪኝ። ነይ፣ ጎንበስ በይና ፈልጊልኝ!»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ፎቶዎች ፀሐይ በልቷቸው ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። ውስጥ አንድ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ አንድ ነጭ መጋረጃ፣ አንድ የኮፒ ማሽን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደግሞ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ካርቶኖች አሉ። ፎቶ አንሺው ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መሳቢያ ውስጥ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ደረሰች።

«ግንባርዎ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«እህ! ተባረኪ። የመታወቂያ ነው የፓስፖርት?»

«ፎቶ ልነሣ አይደለም። ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂ። ጥያቄ ፊልም አይጨርስም።»

ስልኳን አውጥታ የግድግዳውን ፎቶ አሳየቻቸው። ገና እንዳዩት ራሳቸውን ያዙ። «ይሄ ነገር ካልሞትኩ አይለቀኝም ማለት ነው?» አሉና በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«እባብ ነበር እንዴ?»

«የምን እባብ! እስቲ መጀመሪያ "ሦስት" በዪ።»

«ሦስት።»

«አፍሽን አየሽው? ሞጥሞጥ አለ። እኔ ስንት ዓመት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሞጥሟጣ ስሰበስብ ኖርኩ። በኋላ ነቃሁ። በፊደል መቁጠር ጀመርኩ። ተማሪዎቹ ራሳቸው "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" ይላሉ፤ "ሂ" ሲሉ አፍ ይለጠጣል፣ ጥርስ ብቅ ይላል፣ ያኔ ጠቅ!»

ልቧ ዘለለ። «ሣልስ! እኔም እኮ ደርሼበታለሁ!» አለችና ደብተሯን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ፤ እንደ ባልደረባም አንገታቸውን ነቀነቁላት።

«ታዲያ ያን ቀን ፊልሙ ውስጥ የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። "ሂ ላይ አቁሙ" ብዬ አስጠነቀቅሁ። "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" አሉ። ተጫንኩ። ካሜራው እምቢ አለ፤ ነክሶ ያዘ። እነሱ ደግሞ መች አቆሙ! ከሕፃንነታቸው በዜማ የለመዱት ነው፤ አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል? "ሃ፣ ሄ፣ ህ" ብለው ቀጠሉ፣ ሠላሳ ምናምን ልጅ በአንድ ድምፅ። እኔ "ኧረ ተዉ! ኧረ ተዉ!" እላለሁ፤ ካሜራውን በጥፊ እላለሁ። ልክ "ሆ" ሲሉ ጠቅ አለልሻ!»

በርጩማ ስላልነበረላት ኮፒ ማሽኑን ተደግፋ በሳቅ ፍርፍር አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እባብ ሲፈልግበት የኖረው ነገር «ሆ» ነው!

«ታዲያ እማዬስ? ይቺ እናቴ ናት።»

«ይቺ? እሷማ ብቻዋን ነው ያቆመችው። ሂ ላይ አቁሙ ተባለ፣ አቆመች።»

«እንግዲያው የሷ የሂ ፈገግታ ነው ማለት ነው» ብላ መጻፍ ጀመረች።

«አይደለም፣ አይደለም። ሂ ካለፈ ቆየ እኮ! ሂ አፍ ይከፍታል እንጂ ሌላ ሙያ የለውም። ዓይኗን እዪው። ካሜራውን ነው የምታየው?»

ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። መቶ ጊዜ አይታዋለች፣ ይህን ግን ልብ ብላው አታውቅም። የእናቷ ዓይን ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያረፈው።

«እኔን ነው የምታየው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ከዕቃ ጋር ሲደባደብ አይታ ነው የሳቀችው። እኔ ያን ቀን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እሷ ስትስቅ ሳያት ግን ተውኩት።»

ደብተሯ ላይ «ዓይን፦ ወደ ሰው?» ብላ ጻፈች። የጥያቄ ምልክቱን አደመቀችው።

ማታ ራት በልተው ሲጨርሱ፣ እናቷ ሳህን እያጠበች ሳለ ከኋላዋ ቆመችና «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ» አለች በዜማ። እናቷ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ማጠቧን አቆመች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ካሜራውን በጥፊ ሲሉት!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ረስቼው ነበር!»

ልጅቷ ከሳቁ ይልቅ የእናቷን ፊት አየች። አፍንጫዋ ተሸብሽቧል፣ አንዱ ዓይኗ ከሌላው አንሷል፣ ድዷ ታይቷል። ምረጪ ብትባል እናቷ ራሷ ይህን ፊት አትመርጠውም። ስልኳን ብድግ ስታደርግ ግን ያ ሁሉ በአንዴ ጠፋ፤ እናቷ ቀጥ አለች፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች፣ ከንፈሯን ገጠመች። «ፎቶ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ እንጂ!» አለች። ልጅቷ ስልኩን አስቀመጠች። ያ ፊት የት እንደገባ ገረማት፤ ደብተሯን ግን አላወጣችም፣ ምን ብላ እንደምትጽፍ አላወቀችም።

ሐሙስ ሲደርስ ምርምሩ ሌላ፣ ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። ዓይን ወደ ሰው፣ ዓይን ወደ ካሜራ፣ ለሷ ሁሉም አንድ ነው፤ የምትፈልገው ዳግመኛ መሳቂያ አለመሆን ብቻ ነው። «ሂ»ን መስታወት ፊት እስኪሰለቻት ተለማምዳለች።

ሜዳው ላይ ሦስት ረድፍ ሆነው ተሰለፉ። ስቲከር ከፊት፣ መሐል ላይ ተንበርክኳል። የዘንድሮውንም የሚያነሱት ሽማግሌው ካሜራቸውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለው «ሂ ላይ አቁሙ! ደግሞ እንደዚያኞቹ እንዳትነጉዱ!» አሉ።

«ሀ! ሁ! ሂ!»

ጠቅ አለ።

«አንቺ፣ ጠያቂዋ» ብለው ጠሯት። «ነይ እስቲ እዪልኝ። ፊልም ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ የዚህችን የዘመኑን ካሜራ መስኮት ነገር ግን ዓይኔ አይለየውም። የተበላሸ ሰው አለ?»

ሮጣ ሄዳ መጀመሪያ የፈለገችው የራሷን ፊት ነው። አገኘችው። ደህና ነው! አፏ ቦታው ላይ ነው፣ ዓይኗ አልፈጠጠም። የምታበራም ባትሆን፣ ከዚህ ፊት ማንም ቀልድ ማውጣት አይችልም። እፎይ አለች። ከዚያ ሌሎቹን ማየት ጀመረች።

ስቲከር ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ ዓይኑ ተከድኗል፤ የሌላው ነጩ ብቻ ነው የሚታየው። የታች ከንፈሩ ወርዷል። አገጩ አንገቱ ውስጥ ገብቷል። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ስቲከር አልተሠራም።

«ደህና ነው በዪ፣ ፀሐይ ጨረሰን!» ጮኹ ከኋላ።

«እንሂድ በቃ!»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ደህና ከሆነ ወደ ክፍል ይግቡ» አሉ።

«ይህን ልያዘው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ሁለት አላስቀምጥም። ከተደገመ ይሄኛውን አጠፋዋለሁ።»

«ጥያቄ!» አለ ስቲከር ካለበት ሆኖ። «እኔ እንዴት ወጣሁ?» እየሳቀ ነው የጠየቃት። ግን የሸሚዙን ኮሌታ ይጎትታል፣ ደግሞ ይጎትታል። አፉ ይስቃል፤ ዓይኑ እጇ ላይ፣ ካሜራው ላይ፣ ፊቷ ላይ ይሯሯጣል። እሷ አራት ቀን ሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ የውሸት ፈገግታ ከሩቅ ታውቃለች። ፈርቷል።

ይበለው፣ አለች በልቧ። ከልቧም ነው ያለችው። «ደህና ነው» ብትል ውሸት እንኳ አይሆንም፤ የሷ ደህና ነው። እሱ ግድግዳው ላይ እንዲያ ሆኖ ይኖራል፤ ታናናሾቹ እየቆሙ ይስቁበታል። ከተደገመ ግን ይህ ደህናው ፊቷ ይጠፋል፤ የሚቀጥለው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ባለፈው ዓመትም ያ ፊት የወጣው በአንድ ጠቅታ ነው።

ኮሌታውን አሁንም እየጎተተ ነው። ስልኳን ከፍታ የራሷን ፊት «ተመችቶኛል» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ያየችበት ጠዋት ትዝ አላት። እሱም ያን ጠዋት የሆነችውን ለመሆን አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው፤ ቃሉም ያለው እሷ አፍ ውስጥ ነው።

«ይደገም፣ ጋሼ» አለች።

ሜዳው በጩኸት ተሞላ። «ለምን? ማን ተበላሸ?»

«ዓይኑን የጨፈነ አለ።»

«ማነው?»

«አልናገርም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ፎቶው ጠፋ፤ የሷም ደህናው ፊት አብሮ ሄደ። ወደ ረድፏ ሮጠች። ስቲከር ስታልፍ ቀና ብሎ አያት፤ ቀልድ አልወጣውም። ኮሌታውን ለቆታል።

«ሀ!» አሉ ሁሉም።

አፏን ማሰናዳት እንዳለባት ትዝ አላት፤ ግን ዓይኗ ሽማግሌው ላይ አረፈ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለምን? እንደ ድሮው ካሜራ በቀዳዳ አያዩ፤ የሚያዩት እኮ የመስኮት ያህል የሰፋ ነገር ነው። በሁለት ዓይናቸው ቢያዩት ማን ይከለክላቸዋል?

«ሁ!»

ጭራሽ የጨፈኑትን ዓይናቸውን ከፈቱና ሌላኛውን ጨፈኑ። እጇን አውጥታ ልትጠይቃቸው ምንም አልቀራትም፤ «ሂ» መባሉንም ልብ አላለችም።

ጠቅ።

«ነይ እዪ» አሉ ሽማግሌው።

ተራመደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች። «የጨፈነ ሰው አለ?»

ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አንድ በአንድ ፈተሹ። «የለም። ያ ፊት ለፊት የተንበረከከውም ደህና ነው። አንቺ ደግሞ፣ አንቺማ—»

«አይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች። «እኔ ሌላ ጥያቄ ነው ያለኝ።»