ከሙዝ ማብሰያው ክፍል የተመታው በር

በ2003 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሊያባራ ሲል ነው። እኔ ጌታን የማመልክ ሴት ነኝ፣ መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ወሬ ሲጀምር ተነስቼ የምሄድ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይህንንም የምጽፈው ለወሬ ብዬ አይደለም።

ያኔ እኔና ልጄ ምህረት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ የሙዝ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እንሠራ ነበር። ከላንቴ ገበሬዎች የሚመጣው ጥሬ ሙዝ መስኮት በሌለው ክፍል ይቆለላል፣ የላምባ ምድጃ ይለኮስበታል፣ በሩ ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል፣ በጭሱና በሙቀቱ ይበስላል። በሩ ሲከፈት አየሩ እስኪለወጥ ሳይገቡ መቆየት ነው ደንቡ። ነጋዴው አቶ ዘሪሁን ግን መቆየት አይወድም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሠራተኞች ራሳቸውን ስተው ተጎትተው ሲወጡ፣ "ቁርስ ሳይበሉ እየመጡ" ብሎ አለፈው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ የጭነት መኪናው መጥቶ ቆሟል፣ አቶ ዘሪሁን በቁልሉ መሃል ለማለፍ ቀጭን ናት ብሎ ቀድማ እንድትገባ ያዘዘው ምህረትን ነው። ጭቃው ገና ሳይነሳ የቆርቆሮው በር ከውስጥ በመዳፍ ተመታ፣ ቀስ ብሎ፣ አቅም ያጣ ሰው እንደሚመታው።

"ውስጥ ሰው አለ" አልኩ።

"ሙዙ ነው እማማ፣ በስያለሁ እያለ ነው" አለ ጫኙ ማሞ፣ ሁሉም ሳቁ። ሁለተኛ ሲመታ ግን ማሞ ራሱ ወደ በሩ ሮጠ።

ጭቃውን ፈንቅለን ከፈትን። ማንም የለም። ምድጃው ላምባ እያለው አየር አጥቶ ጠፍቷል። የበሩ ውስጠኛው ገጽ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ከታች በኩል፣ ተቀምጦ የቀረ ሰው እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ የመዳፍ ምልክት አለ። ምህረት ማንም ሳያዛት ጎንበስ ብላ መዳፏን ጫነችበት። ጣት ለጣት ገጠመ። እጇን ሰበሰበች።

"ግቢ እንጂ ምህረት፣ ሾፌሩ እየጠበቀ ነው" አለ አቶ ዘሪሁን።

"ልጄ አትገባም።"

"እንግዲያው ነገ ሥራ ብላችሁ እንዳትመጡ።"

"የራስዎን ልጅ ያስገቡ" አልኩት፣ የምህረትን እጅ ይዤ ወጣሁ።

ሌሊቱን አጠገቤ ስትተነፍስ እየሰማሁ ጌታን አመሰገንኩ፣ ማመስገኔ ግን ቁጣዬን አላበረደውም።

በማግስቱ ጠዋት ዶማ ይዤ ሄድኩ፣ የክፍሉን የኋላ ግድግዳ ነደልኩት። አቶ ዘሪሁን "ሴትዮ፣ አብደሻል?" እያለ መጣ። ቀዳዳውን የሰው ትከሻ እስኪያሳልፍ አሰፋሁት፣ ከዚያ ዶማዬን አስቀምጬ ወደ ጎን ዞር ብዬ ቆምኩ፣ ውስጥ ሆኖ በሩን የመታው ማንም ይሁን ማን፣ መውጣት ከፈለገ መንገዱን እንዳልዘጋበት።