ሱሪ የበላው ግጥም

የተገናኙት በተቀደደ ሱሪ ነው። ዘፋኙ መድረክ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ላይ ተቀደደበትና አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ሮጦ ገባ። እስክትሰፋለት ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ያንጎራጉራል።

«ሱሪህ አልቋል እኮ።»

«ዘፈኑ አላለቀም።»

እናቷ ልታገባው መሆኑን ስትሰማ እሳት ጎረሰች። «ዘፋኝ አግብተሽ ጭብጨባ ልትበዪ ነው?»

«ካጠገበኝ ምን አለበት፣ እማዬ?» አለችና አገባችው።

ወረቀት አይሆንለትም ነበር። ግጥም ሲመጣለት ጠመኔዋን አንስቶ ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ይጽፋል፤ ከመቁረጧ በፊት በቃሉ ይይዘዋል። አንድ ቀን ግን የያዘው መስሏት፣ አንብባ ፈገግ ብላ ቆረጠችው።

«ሁለተኛው ስንኝ የታለ?» አለ ሲመለስ።

«የሰው ሱሪ ሆኖ መንገድ ላይ እየሄደ ነው። አስታውሰዋለሁ፤ ልንገርህ?»

«ተይው፤ አንቺ ካነበብሽው ደርሷል» አለ።

ዘፈኑ ሲቀዳ በጠፋው ስንኝ ቦታ ላይ አንጎራጎረ።

«ይሄማ ባዶ ነው፤ ገጣሚ ቀጥረን እንሙላው» አለ ዘፈኑን የሚያሳትመው ፕሮዲውሰር።

«ከሞላችሁት እኔ የለሁበትም።»

ዘፈኑ የሬዲዮው ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥቶ ክረምቱን ሙሉ አልወርድም አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያንን ቦታ ሲያንጎራጉር እሱ ዘወር ብሎ፣ ከመድረኩ ጀርባ ኮቱን ይዛ የቆመችውን ሚስቱን ያያል። እናቷ እንኳ ልብስ ስታጣጥፍ ታንጎራጉረዋለች፤ ሲይዟት «ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው» ትላለች።

ከዚያ ሳንባው ከዳው። በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፁ ቀደመ፣ እሱ ተከተለ።

ሐዘኑ ሳይበርድ ፕሮዲውሰሩ ቤቷ መጣ።

«እህቴ፣ የማስታወሻ አልበም እያዘጋጀን ነው። ያቺን የጠፋች ስንኝ አንብበሻታል አሉ። ሌላ ዘፋኝ ይዘፍናትና እንደገና አንደኛ እንወጣለን።»

«እምቢ።»

«ረሳሻት?»

«አንዲት ቃል አልረሳሁም።»

«ታዲያ እሱ እኮ የሕዝብ ነው!»

«ሕዝቡ ዜማውን ወስዷል። ስሙን ወስዷል። ቀብሩ ላይ እንኳ ተጋፍቶ ከሣጥኑ አርቆኛል። ይህችን አልሰጥም። ሳትሞላ አንደኛ ወጥታለች፤ ሳትሞላ ትኑር።»

ሰውየው ፊቱን ወደ እናትየው አዞረ። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሯት።»

እናቷ ተነስታ በሩን ከፈተች። «እምቢ ብላለች እኮ። ጆሮህም ባዶ ነው እንዴ?»

በሩን ዘግታ ስትመለስ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ልብስ አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች።

«ለእኔስ አትነግሪኝም?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልነግርሽም፣ እማዬ።»

«ጎሽ!» አለች እናቷ።