ታኤን የገደላት ሰው

ሀናድን የጠላሁት ፊቱን በደንብ ከማየቴ በፊት ነው።

የምሠራው ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ የአደር ዋይስ ጌም ቤት ውስጥ ነው። አደር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ዘመዴ ባይሆንም ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። ጠዋት ከፍቼ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት እቆያለሁ። አዛን ሲል ደንበኞቹን አስወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ከሶላት በኋላ የከሰዓቱ ተረኛ መጥቶ ቁልፉን ይቀበለኝና እኔ ወደ አክስቴ ወደ ሀፊዛ ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ያ ተረኛ ሀናድ ሆነ።

ሱቁ ውስጥ ስምንት ማሽን አለ። በሰባቱ ወጣቱ ኳስ ይጫወታል። ስምንተኛው ጥግ ያለው፣ ስክሪኑ ቢጫ የሆነው፣ ማንም የማይፈልገው ነው። አደር ዋይስ ለሠራተኛ የፈቀደው እሱን ብቻ ነበር። እሱ ላይ «የጨው ከተማ» የሚባል የጃፓን ጨዋታ አለ። እንደ ዳማ ሰሌዳ በተከፋፈለ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ወታደሮችን ተራ በተራ እያንቀሳቀሱ ከተማዋን ከወራሪ መከላከል ነው። ርኅራኄ የሌለው ጨዋታ ነው፤ የሞተ ወታደር አይመለስም። ሴቭ የሚደረገውም አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚቀመጥ ሰው የሚጀምረው የፊተኛው ካቆመበት ነው።

ከድሬዳዋ ከመጣሁ ጀምሮ ጓደኛ አልነበረኝም፤ የነበሩኝ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ናቸው። ከሁሉም አብልጬ የምወዳት ፈረሰኛዋን ታኤን ነበር። ከመጀመሪያው ውጊያ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት ናት።

ሀናድ ሥራ በጀመረ ማግስት ማሽኑን ስከፍት ታኤ የለችም።

ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት። ከመስጊድ ሲመጣ አየሁት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽሩ እጀታ በሽቦ የታሰረ።

«ታኤን የገደልካት አንተ ነህ?» አልኩት ሰላምታ ሳላቀርብ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ የዚሁ አገር ልጅ ቢሆንም አዲስ አበባ ማደጉን አደር ዋይስ ነግሮኛል።

«ታኤ ማናት?»

«ፈረሰኛዋ።»

«እሷ ናት እንዴ? ጦርነት ነው፣ ሰው ይሞታል።»

«አንተ ከመምጣትህ በፊት ስልሳ ሰዓት ተጫውቻለሁ። አንድ ሰው አልሞተብኝም።»

«ስለምትደበቂ ነዋ» አለ ቁልፉን ከእጄ እየወሰደ። «ስልሳ ሰዓት ሙሉ ከግንብ ኋላ ተቀምጠሽ ያለፍሽው አራት ውጊያ ነው። በዚህ አያያዝሽ ከተማዋን የልጅ ልጆችሽ ናቸው የሚያድኗት።»

«አቦ ወደዚያ ሂድ!» ብዬው ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ብቻዬን እያወራሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ እንገናኛለን፤ እሱም ለመጣላት። እኔ ጠዋት ወታደሮቼን ሰብስቤ ቁስላቸውን አክሜ እሄዳለሁ፣ እሱ ከሰዓት ወደ እሳት ይነዳቸዋል። አንድ ጠዋት ደግሞ ከጦሩ ኋላ እየተከተለች ቁስለኛ የምታክመው ሐኪም ስሟ ተቀይሮ «ሰልዋ» ተብላ አገኘኋት። ሰልዋ እኔ ነኝ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ምንም። ሁልጊዜ ከኋላ ናት፣ ሁልጊዜ ትቆጣለች። ተመሳሰላችሁብኝ።»

በነጋታው እኔም ጋሻ ያዡን «ሀናድ» አልኩት። ከአሥራ ሁለቱ ቀርፋፋው እሱ ነው፤ የብረት ቆቡ ዓይኑ ላይ ወርዶበት አንድ እርምጃ ለመራመድ ዘመን ይፈጅበታል።

«አመሰግናለሁ» አለኝ ሀናድ ሳይስቅ። «ዝሆን ብትዪኝም እቀበል ነበር።»

«ዝሆን ምን አጠፋ?»

ከንፈሩ ሊስቅ ሲል አየሁት። የእኔም ሊከዳኝ ስለነበር ፊቴን አዞርኩ።

ሰው ማስገደሉን ግን አልተወም። ቀስተኛው ሞተ፣ ጦረኞቹ ሁለት ወንድማማቾች ሞቱ፣ ሽማግሌው አስማተኛ ሞተ።

«ቀስተኛው ሲሞት ጋሻ ያዡን የት አቁመኸው ነበር?» ብዬ ጮህኩበት አንድ ቀን።

«ሌላ ቦታ።»

«ሌላ ቦታ የት?»

«ሥራ ነበረው» አለና በሩን ሊከፍት ሄደ።

ሁሉም እየቆሰሉ ሲያድሩ ሐኪሟን ሰልዋን ግን አንድም ቀን ቆስላ አላገኘኋትም። ከኋላ ስለሆነች ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አንድ ከሰዓት አንድ ደንበኛ ሱማሌኛዬን እያስመሰለ ሲስቅብኝ ሀናድ ከአዛን በፊት ቀድሞ ደረሰ። ልጁን ምንም አላለውም፤ ማሽኑን አጥፍቶ በሩን አሳየው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «እኔንም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ» አለ። «አዲስ አበባ ሱማሌው፣ እዚህ ሀበሻው።» እንደ ሰው ያወራኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በነጋታው ቁልፉን ስሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም አልኩት።

«ምነው፣ አሞሻል?» አለኝ።

የመጨረሻውን ውጊያ ሳይነካ ትቶልኝ አገኘሁት። በቀሩት ሰባት ወታደሮች ከተማዋን አዳንኳት። አደር ዋይስ ክፍል ሁለት ወጥቷል፣ ከዱባይ አስመጣዋለሁ አለ፤ የፊተኛውን ሴቭ አንብቦ ከዚያ ነው አሉ የሚቀጥለው።

ጨዋታው ከመድረሱ በፊት ግን የአክስቴ ነገር ደረሰ።

«ጀማሉዲን ጨዋ ሰው ነው» አለችኝ። «ጅጅጋ ቤትም ሱቅም አለው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። እምቢ የምትዪበት ምክንያት ካለሽ እስከዚያ ንገሪኝ።»

ምክንያቴ መነጽሩን በሽቦ ያሰረ፣ ሰው የሚያስገድል፣ አንድ ደግ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው ልበላት? እወደው ነበር። ያን ለራሴ ያመንኩት ያኔ አክስቴ ፊት ቆሜ ነው።

በማግስቱ ቁልፉን እየዘረጋሁለት «ዓርብ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ» አልኩት።

ቁልፉን ሳይቀበል ቆመ። እኔን አላየኝም፤ ቁልፉን ነው ያየው። አንድ ቃል ብቻ እንዲናገር ጠበቅኩ።

«መብሩክ» አለ፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ሁለት መጣ። አደር ዋይስ ስምንተኛው ማሽን ላይ እንድሞክረው ነገረኝ። ጨዋታው የድሮውን ሴቭ ላንብብ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ አልኩት። ከጦርነቱ በኋላ ስድስት ዓመት አልፏል። የከተማዋ ግንብ ላይ የሞቱት አምስቱ ስማቸው ተቀርጿል፤ የታኤ ከላይ ነው። ቀጥሎ አረንጓዴ በር ያላት ትንሽ ቤት ታየች። ከቤቱ ሐኪሟ ሰልዋ ወጣች። ከኋላዋ ጋሻ ያዡ ሀናድ፣ በሩ አጥሮት ጎንበስ ብሎ ወጣ። ከሥራቸው ተጽፏል፦ በጦርነቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ተራ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አሁን ባልና ሚስት ናቸው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አቁሜያቸው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጋሻ ያዡ የከተማዋ በር ላይ ነው፣ ሐኪሟ ከግንቡ ሥር። የፊተኛው ክፍል ማን ከማን ጎን እንደቆመ አይመዘግብም መስሎኝ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ተራ የከሰዓት ነው። ቀስተኛው ሲሞት፣ ወንድማማቾቹ ሲሞቱ፣ ጋሻው የነበረው እኔ ጋ ነው።

ሀናድ ከሶላት ሲመጣ ቁልፉን አልሰጠሁትም። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩለት። አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«እንደዚህ ብሎ እንደሚያወጣው አላወቅኩም» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ለአሻንጉሊቷ አራት ሰው አስገድለህ ትጠብቃታለህ፤ ለእኔ መብሩክ?»

«አንቺን ማን ደፍሮ ይጠብቅሻል? በስድስት ወር ሰላም ያልሽኝ አንድ ቀን ነው።»

«ያን ቀንም አሞሻል ወይ አልከኝ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። ያለ መነጽር ዓይኑን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ የደከመው ሰው ዓይን ነበር።

«እናቴ የኢትዮጵያ ልጅ ቤቴ አትገባም ብላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ያለኝ ይሄ ቁልፍ ነው፤ እሱም የአደር ዋይስ ነው። አክስትሽ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«እወዳታለሁ ብለህ።»

«እወድሻለሁ» አለ፣ እንደተጣላ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለአክስቴ። ነገ፣ ጀማሉዲን ሳይቀድምህ። ተራህን ካሳለፍክ በቃ፤ የሞተ አይመለስም።»

ቁልፉን ሳይወስድ ወጣ። የእሱን ፈረቃ እኔ ሠራሁለት። አደር ዋይስ መጥቶ «ሀናድስ?» ሲለኝ «ሥራ አለው» አልኩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአክስቴ በር ተንኳኳ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየሁ። ፊት ፊት አደር ዋይስ በነጭ ቀሚስ፣ ከኋላው 26 ጁን ከሚባለው ከሀናድ ሰፈር የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱም ኋላ፣ ሀናድ ራሱ፣ በሩ አጥሮት ጎንበስ ብሎ።

አክስቴ አፏን ያዘች። «ዋይስ፣ ልጁ ራሱ ሽማግሌ ተከትሎ ይመጣል እንዴ? የት አገር ነው ይሄ?»

«ቤትህ ሆነህ ጠብቅ ብለነው ነበር» አለ አደር ዋይስ አፍሮ። «ሰው አገር ነው ያደገው፣ ወጉን አያውቅም።»

ሀናድ ግን ሁሉንም አልፎ መጋረጃው አጠገብ መጥቶ ቆመ። በእኔና በእሱ መካከል ጨርቅ ብቻ ነበር። ወደ አክስቴ ዞሮ «እወዳታለሁ» አለ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ። ፊቴን ስታይ መልሱን አልጠየቀችኝም። ግማሽ ሰዓት ቆይተው የጀማሉዲን ሽማግሌዎች ሲመጡ ሻይ ጠጥተው በክብር ተሸኙ።

አሁን ተጋብተን የምንኖረው 26 ጁን፣ ቤቴ አትገባም ካለችው ከእናቱ ጋር ነው። እናቱ ስሜን ገና አልጠራችውም፤ ከሥራ ሳመሽ ግን «ያቺ የት ቀረች?» ትላለች አሉ። ክፍል ሁለትን በአንድ ጆይስቲክ ተራ በተራ እንጫወታለን፣ በየተራውም እንጣላለን። አራቱ በእኔ ምክንያት ስለሞቱ ይቅር ብዬዋለሁ። ግንቡ ላይ ያሉት ስሞች ሲመጡ ቶሎ ሊያልፋቸው ይሞክራል፤ እኔ እጁን ይዤ የላይኛውን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደርገዋለሁ። የታኤን እስከ ዛሬ አልተውኩለትም።