አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ አንባቢ

«ሁለት ፋይል ነው የላክሽልኝ» አለች ሐፍሳ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆና። «የቱን ላትመው?»

ሆሳዕና ከባንኮኒው ማዶ ቆማለች። ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድባል። ጠዋት የሄደው መብራት ገና አሁን መምጣቱ ነበር። ሱቁ የሐፍሳ አባት ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ግን ፎቶ ኮፒውንም ማተሚያውንም የምታሠራው ሐፍሳ ናት። ሁለቱ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

«ልዩነታቸው ምንድነው?» አለች ሐፍሳ።

«አንደኛው ብሎጉ ላይ ያለው ነው። ሌላው ትንሽ ያሳጠርኩት።»

ሐፍሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ አየቻቸው። «ቆይ እንጂ፣ የሚያስቀውን ሁሉ አውጥተሽዋል እኮ!»

«እናቴ ናት የምታነበው።»

ሐፍሳ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «እናትሽ? ራሷ?»

«ራሷ።»

ብሎጉ ከተጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ስሙ «ቻርጅ አልቋል» ነው። ሆሳዕና ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኢንተርኔት ቀልዶች ትጽፍበታለች። የመጀመሪያው ጽሑፍ የትውልድ ዓመታቸውን የይለፍ ቃል ስለሚያደርጉ ሰዎች ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተነበበ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱ ራሷ ነበረች። ሁለተኛው በየቴሌግራም ግሩፑ ስለማይጠፉ ሰዎች ነበር፦ በየማለዳው ከአበባ ፎቶ ጋር «እንደምን አደራችሁ» የሚል፣ ተቆጥቶ ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ የሚገባ። እሱን አሥራ ዘጠኝ ሰው አነበበው። ሦስተኛው «የስልክ ማድረቂያ አልጋ» ይላል። እስከዛሬ ጠዋት ድረስ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንብቦታል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። እናቷ ንጋቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያና ማድረቂያ ትሠራለች። አንድ ቀን ገንዳው ላይ ጎንበስ ስትል ስልኳ ከጉያዋ ሾልኮ ውኃው ውስጥ ገባ። አብረዋት የሚሠሩት «ሩዝ ውስጥ ክተቺው» አሏት። ኢንተርኔትም የሚለው ይህንኑ ነው። ንጋቷ ግን እዚያ ሩዝ አልነበራትም። የነበራት እርጥብ ነገር የማድረቅ የአሥራ አራት ዓመት ልምድ ነው። ስልኩን ፈትታ፣ ባትሪውን አውጥታ፣ ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ጫፍ ላይ ከቡናው ጋር አሰጣችው። ቡናውን በእጇ ባገላበጠች ቁጥር ስልኩንም አገላበጠችው። ፀሐይ ስትበረታ በጆንያ ሸፈነችው። አመሻሽ ላይ ከቡናው ጋር አስገባችው። በሦስተኛው ቀን ስትነካው በራ።

ሆሳዕና ከሞላ ጎደል ይህንን ነው የጻፈችው፤ ሁለት ነገር ጨምራ። መሐል ላይ «እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ስልኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ጌጥ ነው የምታየው» አለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ስልኩ ግን እስከ ዛሬ አልተነሳም፤ ለኤክስፖርት እየተጠበቀ ነው» ብላ ዘጋችው። ሰው የሳቀው በነዚህ ሁለቱ ነው። ብሎጉን የምትጽፈው በዚያው ስልክ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። እናቷም አምና የጎልማሶች ትምህርት መጀመሯን ማንም አልጠየቃትም። ንጋቷ የምትማረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሆሳዕና ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ልጅዋ ሰኞ በምትቀመጥባቸው ዴስኮች ላይ ነው።

«እንዴት ሰማች?» አለች ሐፍሳ።

«ማናልሞሽ የምትባል አብራት የምትሠራ ሴትዮ አለች። ልጇ አሳይታት፣ ላንብብልሽ ብላ ስልኳን ይዛ መጣች። እማ እምቢ አለቻት። ‹ልጄ የጻፈችውን ሰው አያነብልኝም› አለች። የስልኩ ፊደል ይሮጥብኛል፣ በወረቀት አምጪልኝ አለችኝ። ቅዳሜ መምህርቷ ከቤት የሚነበብ አምጡ ስላለቻቸው ክፍል ውስጥም ልታነበው ነው።»

«ሰው ፊት? ጮክ ብላ?»

«አዎ።»

«ኧረ አቦ!» ሐፍሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «በቃ ያሳጠርሽውን ስጫት። ወይ ደግሞ ከብሎጉ አጥፊው።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንብቦታል።»

«እሱማ እኔም ሼር አድርጌዋለሁ። እንዴት እንዳሳቀኝ!» ሐፍሳ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እናትሽ ላይ ሙድ የያዝሽ ግን አልመሰለኝም ነበር። አሁን ሳየው ነው።» ከዚያ ሳትጠየቅ ሁለቱንም አተመቻቸው። ያጠረው አንድ ገጽ ሆነ፤ ሙሉው ሁለት። ወረቀቶቹ ይሞቃሉ።

ሆሳዕና ረጅሙን ደብተሯ ውስጥ ከታ፣ አጭሩን በፕላስቲክ ጠቅልላ ወጣች። በባጃጅ መሄድ ትችል ነበር፤ በእግሯ ሄደች።

ንጋቷ ከሥራ ገብታ እጇን ታጥባ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጣለች። ጣቶቿ ላይ የቡናው ቀለም አለ፤ በሳሙና አይለቅም።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

«የኔ ልጅ! ፎቶሽን አላወጣሽበትም አይደል?»

«አላወጣሁም፣ እማ።»

«ሰውስ አይሰድብሽም? እዚያ ኢንተርኔት ላይ ሰው ይሰድባል ይላሉ።»

«እስካሁን የሰደበኝ የለም።»

ንጋቷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። «ይሄ ብቻ ነው? ማናልሞሽ ስልኳን በጣቷ ወደ ላይ ስትገፋ፣ ስትገፋ ነበር የቆየችው። ረጅም ነው ብላኛለች።» ቀና ብላ ልጅዋን አየቻት። «ሰው ያነበበው ይህንኑ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ማናልሞሽ ብትናገር እንኳ፣ ያ ሌላ ነው ማለት ይቻላል። ሆሳዕና ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ አስባዋለች።

ደብተሯን ከፈተች። «አይደለም። ያነበቡት ይሄን ነው» አለችና ሁለቱን ገጽ ሰጠቻት።

ንጋቷ አመልካች ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀምጣ ጀመረች። በቀስታ፣ ግን ሳትዘል ነበር የምታነበው። ገንዳው ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ስልኩ ቡናው ላይ ሲሰጣ ጮክ ብላ ሳቀች። «እውነቷን ነው፣ እንዲህ ነው ያደረግኩት!» ከዚያ ጣቷ ቀጠለ።

«እና... እናቴ... ማን... ማንበብ...»

ጣቷ ቆመ። ሆሳዕና መሬት መሬቱን ታያለች።

«አት... ችልም።»

ከዚያ መምህርቷ እንዳስተማረቻቸው፣ ቆራርጣ ያነበበችውን አንድ ላይ ደገመችው። «እናቴ ማንበብ አትችልም።» አንድም ፊደል አልሳተችም። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ሳቁ ብቻ ቀረ።

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ልጅዋ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አየች። «ተነስቷል እኮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ካልተነሳ ነው የሚያስቀው።»

ንጋቷ አሰበችበት። «እንጃ» አለች። «እኔ ሲበራ ነው የሳቅኩት። ማናልሞሽም፣ ሁላችንም እኮ ሥራ አቁመን ሳቅን።» ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። «ደግሞ በጆንያ መሸፈኔን ትተሽዋል። ፀሐይ ሲበረታ ካልተሸፈነ እኮ ይበላሻል። ሰው አይቶ እንዲሁ ፀሐይ ላይ ቢጥለውስ? የሰው ስልክ ታበላሺያለሽ!»

ንጋቷ ወረቀቱን አጥፋ የቅዳሜ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው።

«እማ፣ ይሄንን አትውሰጂው። ሌላ ላትምልሽ።»

«ይሄንን ነው የተለማመድኩት።»

«ሰው ፊት ልታነቢው?»

«ምን ላድርግ? ባዶ እጄን ልሂድ?» ንጋቷ ተነስታ ነጠላዋን አጣጠፈች። «ብንሸማቀቅም ከዚህ ሌላ የሚነበብ ነገር ቤታችን የለም፣ ሆሲ።»

ሆሳዕና በሩ ላይ ተቀምጣ ብሎጉን ከፈተች። ከጽሑፉ ሥር «አጥፋ» የሚል አለ። አየችውና አለፈችው። «አስተካክል» የሚለውን ነካች።

«እማ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ነው የሚሸፈነው?»

«ከአምስት ተኩል እስከ ዘጠኝ። ደመና ከሆነ ግን አያስፈልግም። እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ከርዕሱ በታች «እርማት» ብላ ጻፈች። «ስልኩ ሠርቷል። ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው» የሚለው ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ መስመር ግን ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። ዝናቡ እያባራ ነው። መንገዱ ላይ ባጃጅ ውኃ እየረጨ አለፈ።

በአራተኛው ግን ቆየ፦ «እናቴ ይህን ጽሑፍ ዛሬ ሐሙስ አንብባዋለች። ሁለት ገጽ ነው። ማንም አላገዛትም።»

«ከላይ የሆነ ነገር እየጨመርኩበት ነው» አለች ጮክ ብላ። «ነገ አሳትሜ አመጣልሻለሁ።»

«ከጨመርሽበት ቶሎ አምጪው» አለች ንጋቷ ከውስጥ። «ልለማመደው። ፊደሉን ደግሞ ተለቅ አድርጊው።»

ሆሳዕና የመጀመሪያውን ሊንክ የላከችበትን የክፍሏን ግሩፕ ከፍታ እንደገና ላከችው። ምንም የሚያስቅ ምልክት አልጨመረችበትም። የአንባቢውን ቁጥር አየች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። በወረቀት ያነበበችውን አይቆጥርም።