ከሰማያዊው በር ጀርባ

ሬሳው የተገኘው በተቃጠለው የጨርቅ መጋዘን ምድር ቤት፣ ከሰል ከመሰለ በር ጀርባ ነው። ሟቹ ቁመቱ «መሰላል» ያሰኘው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ሬዲዮውን እንደ ጨበጠ ነው፤ ባትሪው ገና አላለቀም። መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ይህ ሰው ሳይጣራ አልሞተም፤ ታዲያ የሰማው እንዴት ጠፋ?

ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ በአንድ የጋራ መስመር መነጋገር ከጀመሩ ወር አልሞላቸውም። መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ጥሪ ማዕከሉ ሄደች።

የጥገና ባለሙያው ላብ በላብ ሆኖ ጠበቃት። «መስመሩን ጠዋት ፈትሼዋለሁ፤ ይሠራ ነበር። ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ግን ምንም አልተቀዳም።»

ጥሪ ተቀባይዋ የመሰላል ታናሽ እህት ናት። ቤትሽ ሂጂ ቢሏት ከወንበሯ አልነሳም ብላለች።

«ወንድም ጋሼ አልጠራኝም» አለች፣ ዓይኗ ደርቆ። «ቢጠራኝ ድምፁ አይጠፋኝም።»

የፖሊሱ ተጠሪ በመስታወት በተከለለች ክፍሉ ውስጥ ነበር። «ያሳዝናል» አለ። «ከሰማያዊ በር ጀርባ ታፍኖ መቅረት...»

«መጋዘኑን ያውቁታል?»

«እኔ? ሰፈሩንም ረግጬው አላውቅ።»

መርማሪዋ ቃሉን በማስታወሻዋ ጻፈች። ወጥታ ለመጋዘኑ ጥበቃ ደወለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስቱንና የእሳት አደጋ አዛዡን በጥሪ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጥበቃው እንደነገረኝ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባው ቃጠሎው በተነሳበት ዋዜማ ነው» አለች። «እኛ ስንደርስ ጥቁር ነበር። ሰማያዊ መሆኑን ከውስጥ ሆኖ ሊናገር የሚችለው መሰላል ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰምተውታል።»

ተጠሪው አንገቱን ደፋ።

«የአንዱ መሥሪያ ቤት መስመር በቁልፍ ሲዘጋ መቅረጫውም ይቆማል» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «የሚሰማው የዘጋው ሰው ብቻ ነው። ካልከፈቱት ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በራሱ ይከፈታል።»

«የባለሥልጣን አጀብ እያሳለፍኩ ነበር» አለ ተጠሪው። «የእሳት አደጋዎቹ ወሬ አላነጋግር አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ብዬ የእነሱን ዘጋሁት። ከዚያ እሱ መጣራት ጀመረ። ልክፈት ብል...»

«ለመዝጋት አንድ ቁልፍ ይበቃል» አለች መርማሪዋ። «ለመክፈት ግን የፖሊስም የእሳት አደጋም ቁልፍ ያስፈልጋል።»

አዛዡ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ስለማንተማመን በደንቡ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት ጣሪያው ላይ ውሃ እረጭ ነበር።»

እህትየው ወንበሯን አዞረች።

«ለእኔ ቢነግሩኝ በእሳት አደጋው አሮጌ መስመር ጓዶቹን እጠራለት ነበር» አለች ተጠሪውን እያየች። «ከክፍልዎ እስከ ወንበሬ ሦስት እርምጃ ነው።»

«ዘጋሁት ብዬ ለመናገር አፈርኩ» አለ። «ቁልፉን ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሳዞር ቆየሁ። ከዚያ እሱ ዝም አለ።»

መርማሪዋ እጇን በእህትየው ትከሻ ላይ አሳረፈች። ተጠሪውን ይዛ ልትወጣ ስትል አዛዡ «ይህን ደንብ ዛሬውኑ እንቀይረው» አለ።

«የሦስቱም ኃላፊዎች ፊርማ ያስፈልጋል» አለ ባለሙያው። «የአምቡላንሱ ኃላፊ ደግሞ እስከ ወር መጨረሻ የሉም።»

ስልኩ ጮኸ። የተንቀሳቀሰ የለም። እህትየው ፊቷን በእጇ ጠረግ አደረገችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጠለቀች።

«አቤት እናቴ» አለች። «እየሰማሁዎት ነው።»